«አክቲቭ ኦፈር» ምንድን ነው? «ከጠየቁን እንሰጣለን» ማለትስ ለምን አይበቃም?

«በዌልሽ ቋንቋ አገልግሎት እንሰጣለን፤ እስካሁን የጠየቀን ግን የለም።» ይህች ዓረፍተ ነገር ከብሪታንያ አገሮች አንዷ በሆነችው በዌልስ የሚሠሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በሚያወጡት ሪፖርት ላይ «አክቲቭ ኦፈር» ከሚል ርዕስ ሥር ደጋግማ ትታያለች። ርዕሱና ዓረፍተ ነገሯ አብረው አይሄዱም። አክቲቭ ኦፈር ማለት ተገልጋዩ መጠየቅ ሳያስፈልገው በዌልሽ መስተናገድ እንደሚችል ድርጅቱ ራሱ ቀድሞ ሲያሳየው ነው። በአማርኛ «ሳይጠየቁ ማቅረብ» ብንለው ልኩ ነው። እንግዲህ «የጠየቀን የለም» ብሎ የሚጽፍ ድርጅት ሳያውቀው የጻፈው «አላቀረብንም» ብሎ ነው።

ይህን ለመረዳት ለኛ ሰው ይሉኝታን ማስታወስ ይበቃዋል። እንግዳ መጥቶ «ምሳ በልተሃል?» ቢባል ሆዱ ባዶ ቢሆንም «አዎ፣ በልቻለሁ» ይላል። የቤቱ እመቤት ይህን ስለምታውቅ አትጠይቅም፤ እጅ ታስታጥባለች፣ መሶቡን ታቀርባለች፣ «እንብላ» ትላለች። እንግዳው እውነትም ጠግቦ ከሆነ ያኔ «በቃኝ» ይላል። ምርጫው በእጁ ነው፤ የመጠየቅ ሸክም ግን የለበትም። ዌልሽ ተናጋሪውም እንዲሁ ነው። ስልኩ በእንግሊዝኛ ሲነሳለት «ዌልሽ የሚችል ሰው አለ?» ማለት ሰው ማስቸገር ይመስለዋል። ሰው ፍለጋ ሊያስጠብቁኝ ነው፣ እንግሊዝኛ አይችልም ይሉኛል፣ ያነሳችውን ልጅ አሳፍራታለሁ ብሎ ያስባል። ዝም ብሎ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። በመዝገቡም «ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ» ተብሎ ይሰፍራል።

ምሳሌውን ልለጥጠው። መሶቡ ቀርቦም ላንዱ እንግዳ ትኩስ ወጥ፣ ለሌላው ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀዘቀዘ ትራፊ ከሆነ እኩል ተስተናገዱ አይባልም። በዌልሽ ለተላከ ኢሜይል መልሱ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ፣ የእንግሊዝኛው መጽሔት ሰኞ ወጥቶ የዌልሹ ዓርብ ሲደርስ፣ የዌልሹ ድረ ገጽ ሦስት አንቀጽ ብቻ ሆኖ «ለተጨማሪ መረጃ» የሚለው ቁልፍ ወደ እንግሊዝኛው ሲወስድ የሆነው ይኸው ነው። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። እዚህ «በሞቴ» የለም። ሰውየው «በእንግሊዝኛ እንቀጥል» ካለ ጉዳዩ አለቀ፤ ዌልሽ ስለቻለ ብቻ መጫን ሌላ ጥፋት ነው።

ሕጉን ባጭሩ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የ1993ቱ የዌልሽ ቋንቋ አዋጅ በዌልስ የመንግሥት ሥራ ሁለቱ ቋንቋዎች በእኩልነት እንዲታዩ አዘዘ። የ2011ዱ ሕግ ለዌልሽ በዌልስ ይፋዊ ቋንቋነትን ሰጠ፣ የቋንቋውን ኮሚሽነር አቋቋመ፣ ዌልሽ ከእንግሊዝኛ ባነሰ ሁኔታ እንዳይስተናገድ የሚለውን መርሕ አስቀመጠ። በዚህ ሕግ መሠረት የወጡት ስታንዳርዶች፣ ማለትም አስገዳጅ የቋንቋ አገልግሎት መመዘኛዎች፣ በቀጥታ የሚያስገድዱት ማዘጋጃ ቤቶችን፣ የጤና ቦርዶችንና መሰሎቻቸውን ነው። አብዛኛው በጎ አድራጎት ድርጅት በስታንዳርዶቹ የስም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ብዙ የቦርድ አባላትም እዚህ ላይ ደርሰው «እኛን አይመለከትም» ብለው ያቆማሉ። ይህ ስህተት ውድ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ጋር ውል ገብታችሁ በእሱ ስም አገልግሎት የምትሰጡ ከሆነ የእሱ ግዴታ በውሉ በኩል ይደርሳችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት የቋንቋውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ዌልሽ የሚችል አማካሪ ፍለጋ መሯሯጥ ወራት ይበላል። በጤናና በማኅበራዊ እንክብካቤ ዘርፍ ደግሞ በ2012 የወጣው «ሙይ ና ጌይርያይ» የተባለ ማዕቀፍ አለ፤ ትርጉሙ «ከቃላት በላይ» ነው። አክቲቭ ኦፈርን የዘርፉ የዘወትር ቃል ያደረገው እሱ ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ክርክር ልምጣ። አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ይላል፦ «ዌልሽ የሚናገር ሁሉ እንግሊዝኛ ይችላል። ይህን ገንዘብ እንግሊዝኛ ለማይችሉት፣ ለአማርኛና ለትግርኛ ተናጋሪዎች አስተርጓሚ ብታወጡት አይሻልም?» ካርዲፍ፣ ስዋንዚ፣ ኒውፖርትና ሬክሳም ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚመደቡባቸው ከተሞች ስለሆኑ ጥያቄው ከባዶ አልመጣም። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። ለአማርኛ ተናጋሪው አስተርጓሚ የሚቀርበው ካለ እሱ መግባባት ስለማይቻል ነው፤ መሠረቱ ፍላጎት ነው። ዌልሽ የአገሩ ይፋዊ ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪው «እንግሊዝኛ አልችልም» ብሎ ማረጋገጫ ማቅረብ አይጠበቅበትም። ሁለቱን ከአንድ ኪስ ማሻማት ለሁለቱም አይበጅም።

«ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላል» የሚለውም ራሱ እውነቱን ሙሉ አይነግርም። ዌልሽ በሚነገርበት ቤት የሚያድግ የሦስት ዓመት ሕፃን እንግሊዝኛ ገና ላይችል ይችላል። የመርሳት በሽታ የያዛቸው አንዳንድ አረጋውያን ኋላ የተማሩት ቋንቋ ይሸሻቸውና በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ይቀራሉ። ሙሉ ጤነኛውም ቢሆን ስለ ሐዘን፣ ስለ ሱስ፣ በትዳር ውስጥ ስለደረሰበት ዱላ ሲያወራ ቋንቋ ይመርጣል። ለንደን ሃያ ዓመት የኖረ ሐበሻ እናቱ ስትሞት «እናቴን» ብሎ ነው የሚያለቅሰው፤ የባንክ ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ስለጨረሰ ሐዘኑንም በእንግሊዝኛ ይጨርስ አንለውም።

ቁጥርም ይነሳል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት የዌልስ ነዋሪዎች 538,300 ያህሉ፣ ማለትም 17.8 በመቶው፣ ዌልሽ እንናገራለን ብለዋል። በግዊነዝ አውራጃ 64.4 በመቶ ነው፤ በብላይናይ ግዌንት አውራጃ 6.2። «እኛ አካባቢ ስድስት በመቶ ብቻ ነው» የሚለው ድርጅት ግን በዓመት 1,000 ጥሪ የሚቀበል ከሆነ 60 ያህሉ ደዋይ ዌልሽ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ከአንድ በላይ ማለት ነው።

ሥራው ከስልክ ይጀምራል። «ቦሬ ዳ፣ ጉድ ሞርኒንግ» በዚህ ቅደም ተከተል፣ በእያንዳንዱ ጥሪ፣ ማንም ያንሳው። ሰላምታውን ዌልሽ የማይችል ሠራተኛም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል፤ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ደዋዩ ደስ ብሎት በዌልሽ ሲቀጥል ሠራተኛው ደንግጦ «ሶሪ፣ ሶሪ» ካለ ካለመቅረቡም ይብሳል። ስለዚህ ከስልኩ አጠገብ አንድ ካርድ ይለጠፍ፤ በፈረቃው ላይ ያለው ዌልሽ ተናጋሪ ማን እንደሆነ፣ የውስጥ ቁጥሩ፣ እሱ ከሌለ ማን እንደሚተካው ይጻፍበት። ማንም ከሌለ የሚባለው ይህ ነው፦ «ዌልሽ የምትናገረው ባልደረባችን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትገባለች፤ እሷ ትደውልልዎ ወይስ አሁን ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ይቀጥላሉ?» ሰዓቱ መጠቀስ አለበት። «እንደውላለን» ብቻ ከሆነ ሰው በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ደዋዩ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ወይም አሁን አደጋ ላይ ያለ ከመሰለ ቋንቋ ፍለጋ አይጠበቅም፤ መስመሩ ሳይቋረጥ በተገኘው ቋንቋ ይቀጥላል።

ቀጥሎ የመመዝገቢያ ቅጹ ነው። የቋንቋ ጥያቄ ከስምም በፊት ይምጣ፣ ለሁለትም ይከፈል፦ በየትኛው ቋንቋ እናነጋግርዎ? በየትኛው እንጻፍልዎ? በዌልሽ አፉን የፈታ ሆኖ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለተማረ በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚቀለው ብዙ ሰው አለ፤ ጥያቄውን አንድ ካደረጋችሁት ይህ ሰው ደብዳቤውን አስቦ «እንግሊዝኛ» ይላል፣ ምክሩንም በእንግሊዝኛ ያገኛል። በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ይጀምር። «እንግሊዝኛ» አስቀድሞ ተሞልቶ የሚመጣ ከሆነ የተጣደፈ ሠራተኛ ሳይነካው ያልፋል፣ በዓመቱ መጨረሻም «97 በመቶው እንግሊዝኛ መረጠ» የሚል የሐሰት ቁጥር ይወጣል። የተመዘገበው ምርጫ ደግሞ ከቀጠሮውና ከደብዳቤ መላኪያው ጋር መያያዝ አለበት። በዌልሽ እንዲጻፍልኝ ብሎ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁለተኛ አይመርጥም።

ፊት ለፊት ለሚሠሩት ብርቱካናማ የንግግር አረፋ ያለበት የደረት ምልክት አለ፤ «ከምራይግ» ይላል፣ ዌልሽ ማለት ነው። ለጀማሪዎች የተለየ አለ፤ ጀማሪውን የባለሙያውን አታስለብሱት።

ወደ ትርጉም ስንመጣ ብዙ ድርጅት ገንዘቡን ከተሳሳተው ጫፍ ይጀምራል። ሰማንያ ገጽ ዓመታዊ ሪፖርት ይተረጎማል፤ ሰው በጭንቅ ቀን የሚሞላው የሁለት ገጽ ቅጽ በእንግሊዝኛ ይቀራል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ቅጹ፣ የቀጠሮ መልእክቱ፣ የቅሬታ ማቅረቢያው፤ ሪፖርቱ መጨረሻ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጠናቆ ሳይጸድቅ ለተርጓሚ አይላክ። ከተላከ በኋላ አንድ ቀን ወይም አንድ የስልክ ቁጥር በእንግሊዝኛው ላይ ብቻ ይታረምና ዌልሹ ስህተቱን ይዞ ይታተማል። ጥሩ ተርጓሚ በቀን ወደ 2,000 ቃል ይሠራል፤ ዓርብ ማታ ልኮ ሰኞ ጠዋት መጠበቅ አይሆንም። የኮምፒውተር ትርጉምም ረቂቅ ነው፤ ዌልሽ የሚያነብ ሰው ሳያርመው አይውጣ። ገጹ በዲዛይነር ከተቀናበረ በኋላም አንድ ዌልሽ አንባቢ ይየው። በ2008 ስዋንዚ ውስጥ የከባድ መኪና መከልከያ ምልክት ሲሠራ ከተርጓሚው የመጣው ኢሜይል እንደ ትርጉም ተወስዶ ታተመ። በምልክቱ ላይ በዌልሽ የተጻፈው «አሁን ቢሮ የለሁም፤ የሚተረጎም ሥራ ካለ ላኩ» የሚል ነበር። ቋንቋውን የሚያነብ አንድ ሰው በመሀል ቢኖር ኖሮ አይሆንም ነበር።

ሰው የማይጠብቀው ችግር በተዘጋጀ ደብዳቤ ላይ ይመጣል። የከተማ ስም በባዶ ቦታ የሚሞላበት ደብዳቤ በዌልሽ ይሰበራል፤ የቃሉ መነሻ ድምፅ ይለወጣልና። ከተማዋ ባንጎር ናት፤ «በባንጎር» ሲባል «ኧም ማንጎር»፣ «ወደ ባንጎር» ሲባል «ኢ ቫንጎር» ይሆናል። ኮምፒውተሩ «ባንጎር»ን እንዳለ ሲሰካው ደብዳቤው ከመጀመሪያው መስመር የማሽን ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ለውጦ «ቦታ፦ ባንጎር» ብሎ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ጣሪያ የሚደፉት የዌልሽ ፊደላት በአሮጌ ፕሮግራም ላይ የጥያቄ ምልክት ሆነው ስለሚወጡ በቅድሚያ ይፈተሹ። በድረ ገጹ ኮድ ላይም የዌልሹ ገጽ በዌልሽ ቋንቋ መለያ ካልተመዘገበ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ድምፅ ያነበዋል፤ አንድ ቃል አይሰማም።

ስብሰባ ላይ የሚተረጎመው በተለምዶ ከዌልሽ ወደ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ማዳመጫው እንግዲህ ዌልሽ ለማይሰሙት ነው። ሰብሳቢው «ማዳመጫ ለዌልሽ ተናጋሪዎች አለ» ካለ ሁሉንም ገልብጦታል። ለማይሰሙት ሁሉ በር ላይ ይታደል፤ ሰብሳቢውም በዌልሽ ይክፈት። ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ከቀረ የመጀመሪያው ዌልሽ ተናጋሪ አፉን ሲከፍት አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ ወረፋ ይይዛል፤ ያ ሰው ሁለተኛ በዌልሽ አይናገርም። የግል ምክር ላይ ግን በአስተርጓሚ አትሥሩ፤ ዌልሽ የሚናገር አማካሪ መድቡ። የተገልጋዩን ልጅ ማስተርጎም ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ክልክል ይሁን።

ወጪው በገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ። ከሎተሪ ገቢ ለማኅበረሰብ ሥራ ድጋፍ የሚሰጠው ናሽናል ሎተሪ ኮሚዩኒቲ ፈንድ በዌልስ ለሚሰጠው ድጋፍ ሥራው በሁለቱም ቋንቋ እንዲሆን ይጠይቃል፣ የትርጉም ወጪም በበጀቱ ይያዛል። የት እንደሚጀመር ለቸገረው ኮሚሽነሩ «ከኒግ ከምራይግ» የሚባል ዕውቅና አለው፤ ድርጅቱ የራሱን ዕቅድ አውጥቶ በኮሚሽነሩ ዘንድ ያስጸድቃል።

በወርሃዊው ሰንጠረዥ ላይ «ስንት ሰው በዌልሽ ጠየቀ» የሚለው ዓምድ ይሰረዝ። በምትኩ ሁለት ይግቡ፦ ለስንት ሰው ቀረበ፣ ስንቱ በዌልሽ ቀጠለ። የመጀመሪያው ዜሮ ከሆነ አክቲቭ ኦፈር የለም። የመጀመሪያው መቶ ሆኖ ሁለተኛው ዜሮ ከሆነ የዌልሹን ጽሑፍ አውጥታችሁ ለአንድ ተራ ሰው አስነብቡት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጽሐፍ መጽሐፍ የሚል፣ ማንም ቤቱ የማያወራው ዌልሽ ነው። «አሁን» ለማለት ሰሜኑ «ሩአን» ደቡቡ «ናውር» ይላል፤ የአካባቢው ሰው በሚለው ጻፉትና ቁጥሩን በሦስት ወሩ እንደገና እዩት።