ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ አይነጋገሩም ያለው ማን ነው?

የማስተምረው ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው። በየዓመቱ የምሥራቅ እስያ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይነሳል። «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ዓይንና ናጫ ናቸው። ትብብር የሚሉት ለፎቶ ነው።» ክፍሉ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። ይህንኑ ሻይ ቤት እሰማለሁ፣ ከባልደረቦቼም እሰማለሁ። ሰልችቶኛል። ሴኡል ሁለት ዓመት ስማር ካየሁት ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ኮሪያ የምለውም ደቡብ ኮሪያን ነው።

«ሦስቱም የአሲያን አባል ናቸው።» አይደሉም። አሲያን የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር ነው። ቻይና፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ከማኅበሩ ጋር የሚሰበሰቡት «አሲያን ሲደመር ሦስት» በሚባል መድረክ ነው። «ሲደመር» የተባለው ከውጭ ስለሚመጡ ነው።

«የቻይናው ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ የሦስቱ አገሮች መሪዎች በሚገናኙበት የሦስትዮሽ ጉባኤ የማይገኙት ሌሎቹን ንቀው ነው።» ይህም ስህተት ነው። በዚህ ጉባኤ ቻይናን የሚወክለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ነው። ዌን ጂያባኦ ነበሩ፣ ከዚያ ሊ ከቺያንግ፣ አሁን ሊ ቺያንግ። ፕሬዚዳንቱ አልቀሩም፤ ወንበሩ ድሮም የእሳቸው አይደለም።

«ነገሩን የጠነሰሰችው አሜሪካ ናት።» እዚህ ላይ ሰው ሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎችን ያደባልቃል። ነሐሴ 2023 ካምፕ ዴቪድ ላይ የተቀመጡት የአሜሪካ፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ መሪዎች ናቸው። የእነሱ ጉዳይ በዋናነት ጸጥታ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ ሌላው ነው። ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ብቻቸውን ስለሚቀመጡበት። ይህኛው የተጀመረው በቁርስ ነው። ኅዳር 1999 ማኒላ ላይ፣ ከአሲያን ስብሰባ ጎን፣ የጃፓኑ ኬይዞ ኦቡቺ፣ የቻይናው ዡ ሮንግጂና የኮሪያው ኪም ዴ ጁንግ አብረው ቁርስ በሉ። ይፋዊ ጉባኤ አልነበረም። ግን ከሁለት ዓመት በፊት የእስያ የገንዘብ ቀውስ አካባቢውን አናግቶት ስለነበር የሚነጋገሩበት ነገር ሞልቷቸው ነበር። ራሱን የቻለ ጉባኤ የተደረገው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2008፣ ጃፓን ፉኩኦካ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «መሪዎቹ ካልተገናኙ ትብብሩ ሞቷል» ወደሚለው። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ዜና የሚከታተሉ ናቸው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ዜናው የሚያሳየው የመሪዎችን ፊት ብቻ ነው።

2012ን እንይ። ግንቦት ላይ ሦስቱ መሪዎች ቤጂንግ ተገናኙ። ነሐሴ ላይ የኮሪያው ፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ፣ ኮሪያ ዶክዶ ጃፓን ታኬሺማ የምትለውን ደሴት ጎበኙ። ጃፓን ተቆጣች። መስከረም ላይ ደግሞ የጃፓን መንግሥት፣ ጃፓን ሴንካኩ ቻይና ዲያዩ ከምትላቸው ደሴቶች ሦስቱን ከግል ባለቤታቸው ገዛ። በቻይና ከተሞች ሕዝብ ወጣ፣ የጃፓን ሱቆች ተሰባበሩ። ከዚያ በኋላ መሪዎቹ እስከ ኅዳር 2015 ድረስ ሦስት ሆነው አንድ ክፍል አልገቡም። ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ነው።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ሥራው ቆመ? ግንቦት 2013 የሦስቱ አገሮች የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣናት ጃፓን ኪታክዩሹ ተሰብስበው ስለ አየር ብክለት ቋሚ ውይይት ለመጀመር ተስማሙ። መጋቢት 2014 ያንኑ ውይይት ቤጂንግ ላይ ጀመሩት። ግንቦት 2014 በኢንቨስትመንት ላይ የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የጃፓኗ ዮኮሃማ፣ የቻይናዋ ቹዋንዡና የኮሪያዋ ጓንግጁ የመጀመሪያዎቹ «የምሥራቅ እስያ የባህል ከተሞች» ሆኑ። ይህ ሁሉ የሆነው መሪዎቹ ተኮራርፈው ሳለ ነው። ተማሪዎቼን የምለው ይህንኑ ነው፤ ከላይ ኩርፊያ አለ ማለት ከታች ያለው ቢሮ ተዘጋ ማለት አይደለም።

«ለፎቶ ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። ግንቦት 2011፣ ጃፓን ላይ ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ከፉኩሺማው የኒውክሌር አደጋ ሁለት ወር በኋላ፣ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ናኦቶ ካን፣ ዌን ጂያባኦና ሊ ምዩንግ ባክ ፉኩሺማ ሄዱ። ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ቦታ ቆመው የአካባቢውን ቼሪና ቲማቲም በሉ። አዎ፣ ካሜራ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን ቻይናም ኮሪያም በጃፓን ምግብ ላይ ገደብ ጥለው ነበር። የፉኩሺማ ገበሬ ምርቱን የሚነካለት ሰው ባጣበት ወቅት የጎረቤት አገር መሪ በአደባባይ ሲበላለት ትርጉም የለውም ማለት ይከብደኛል። በማግስቱ ደግሞ ቶኪዮ ላይ ስለ ኒውክሌር ደኅንነትና ስለ አደጋ መከላከል ተስማምተው ተለያዩ።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጋቢት 2017 ሴኡል ነበርኩ። ኮሪያ የአሜሪካን ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ልትተክል ነው ብላ ቻይና ተቆጥታ ነበር። የቻይና አስጎብኚዎች ወደ ኮሪያ ቡድን መላክ አቆሙ። ምዮንግዶንግ የሚባለው የገበያ ሰፈር በአንድ ጊዜ ጭር አለ። የመዋቢያ ሱቆቹ በር ላይ ያሉት ሴቶች ባዶውን መንገድ በቻይንኛ ይጠሩ ነበር። በዚያው ሳምንት እኛ ክፍል ውስጥ አንዲት የሻንጋይ ልጅና አንድ የኦሳካ ልጅ የጋራ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። የመጡት ካምፓስ ኤዥያ በሚባለው፣ ሦስቱ መንግሥታት በሚደግፉት የተማሪዎች ልውውጥ ነው። ጃፓን ቻይናን ስለወረረችበት የጦርነት ዘመን የምታወራ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣሉ። ማታውን ሙሉ ተከራከሩ፣ ቡናቸው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የእሷንም የእሱንም አገላለጽ ጎን ለጎን ጻፉና ወደ ሚቀጥለው ገጽ አለፉ። ጽሑፉ በጊዜው ገባ።

መንግሥታቱም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ነው «መጀመሪያ የደሴቶቹ ጉዳይ ይፈታ» የሚለው ሐሳብ የሚያናድደኝ። ደሴቶቹ ሳይፈቱ ዓሣው እንዴት እንደሚጠመድ የተስማሙ አገሮች ናቸው። ጃፓንና ቻይና 1997፣ ጃፓንና ኮሪያ 1998፣ ኮሪያና ቻይና 2000 ላይ የዓሣ ሀብት ስምምነት ተፈራርመዋል። ዘዴው ቀላል ነው። የባሕሩ ወሰን የት ላይ እንደሆነ መስማማት ሲያቅታቸው መሃል ላይ የጋራ ቀጣና አበጁ። በዚያ ቀጣና የእኔን ጀልባ እኔ እቆጣጠራለሁ፣ ያንተን አንተ። የዶክዶ ዙሪያ ባሕር ሳይቀር በዚህ ዓይነት ቀጣና ውስጥ ነው። ስምምነቱን መፈረም የባለቤትነት ጥያቄን መተው እንዳልሆነም ተጽፏል። ሁሌ ይሠራል አልልም። ከ2016 ወዲህ ጃፓንና ኮሪያ አንዱ በሌላው ክልል ስለሚያጠምደው መጠን መስማማት አቅቷቸዋል። ግን መፍትሔ ያላገኘን ነገር ወደ ጎን አድርጎ መሥራት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ገንዘቡም ላይ እንዲሁ ነው። ከአሲያን ጋር ሆነው 2000 ላይ ቺያንግ ማይ በምትባል የታይላንድ ከተማ የጀመሩት የመደጋገፊያ ዝግጅት ዛሬ 240 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። አገር የውጭ ምንዛሪ ሲያጥረው ከዚያ ይወስዳል ነው ሐሳቡ። የጃፓን ድርሻ 32 በመቶ ነው። የቻይና ከሆንግ ኮንግ ጋር 32 በመቶ። ኮሪያ 16። ሁለቱ ባላንጣዎች እኩል የሆኑት በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ማንም ሁለተኛ መሆን አልፈለገም፣ ስለዚህ እኩል ተቀመጡ። ዲፕሎማሲ ማለት እንዲህ ያለውን ቁጥር ማግኘት ነው።

አቧራው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኮሪያ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ነበሩ። በጸደይ ጠዋት መስኮቱን በጣታቸው ጠረግ ያደርጉና ያሳዩኛል። ጣታቸው ላይ ስስ ቢጫ ዱቄት። «ሁሉም ከቻይና ነው» ይሉኛል። ሁለት ነገር ነው የሚደባለቅባቸው። ቢጫው አቧራ፣ ሁዋንግሳ የሚሉት፣ ከሞንጎሊያና ከሰሜን ቻይና በረሃማ መሬት ነፋስ የሚያመጣው አፈር ነው። በዓይን የማይታየው ሚሴሞንጂ ግን ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ከመኪና፣ ከፋብሪካ፣ ከከሰል ይወጣል። ሳምባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ይሄኛው ነው።

የሦስቱ አገሮች ሳይንቲስቶች ለዓመታት አብረው ለኩና ውጤቱን ኅዳር 2019 በጋራ ይፋ አደረጉ። በ2017 በኮሪያ ከተሞች ከነበረው ደቃቅ ብናኝ 51 በመቶው ከኮሪያ ከራሷ ነው። 32 በመቶው ከቻይና። ከጃፓን የመጣው 2 በመቶ ያህል። ሴትዮዋ ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት አይደለም፣ ሲሶው ቀላል አይደለም። ግን «ሁሉም» አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የገረመኝ የቻይና ባለሙያዎችም መፈረማቸው ነው። በዚያው ዓመት ኮሪያና ጃፓን ለኮምፒውተር ቺፕ መሥሪያ በሚሆኑ ኬሚካሎች የተነሳ እንዲያ ተናንቀው ነበር።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀሩ። ሴኡል ያለው የሦስትዮሽ ጽሕፈት ቤት እንደ አውሮፓ ኅብረት ትእዛዝ የሚሰጥ አይደለም። 2011 ተከፈተ፣ ሦስቱም እኩል ያዋጣሉ፣ ዋና ጸሐፊነቱ በየሁለት ዓመቱ ይዞራል። ሥራው ማገናኘትና መከታተል ነው። የሦስቱ ብቻ የሆነ የነፃ ንግድ ስምምነትም የለም። 2012 መደራደር እንደሚጀምሩ አወጁ፣ እስካሁን አላለቀም። ሦስቱን ያገናኛቸው 2020 የተፈረመው ሰፊው የአካባቢው የንግድ ስምምነት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክረውን እናንተንም ልምከር። ጉባኤ ተሰረዘ ሲባል ስትሰሙ ቶሎ አትደምድሙ። ከሱ በታች ማን እንደተሰበሰበ ፈልጉ። የጤና ሚኒስትሮች ተገናኙ? የአካባቢ ጥበቃዎቹስ? ልውውጥ ላይ ያሉት ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ ወይስ እየተማሩ ነው? መሪዎቹ ከታኅሣሥ 2019 በኋላ እስከ ግንቦት 2024 አልተገናኙም ነበር፤ ያኔም «አበቃ» የተባለው ትብብር ሴኡል ላይ ዘጠነኛውን ጉባኤ አደረገ።

ኅዳር 2025 የጃፓኗ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳናኤ ታካይቺ ቻይና ግዛቴ ናት ስለምትላት ታይዋን ፓርላማ ውስጥ በተናገሩት ቻይና ስትቆጣ ስልኬ በመልእክት ተጥለቀለቀ። «መምህር፣ አሁንስ?» የመሪዎቹ ቁጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም አልደነግጥም ነበር። ነገር ግን ቻይና በዚያው ወር ማካው ሊደረግ የነበረውን የሦስቱን የባህል ሚኒስትሮች ስብሰባ ለሌላ ጊዜ አስተላለፈችው። በ2013 ያልተነካው ዓይነት ስብሰባ ነው የተነካው። እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።