ወባ በኢትዮጵያ፦ ሥርጭቱና የመከላከሉ ሥራ

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 263 ሚሊዮን የወባ ሕመም ተከስቶ 597,000 ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ 95 በመቶው በአፍሪካ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ሦስት አራተኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የኢትዮጵያ ወባ ጠባዩ ለየት ይላል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለቃቸው አገሮች አዋቂው ደጋግሞ እየተያዘ ሰውነቱ በከፊል ይለምደዋል፤ እዚህ ግን በየወቅቱ ስለሚመጣና ስለሚሄድ ጎልማሳውም እንደ ሕፃኑ ይወድቃል። ዋናው ወቅት ክረምት ወጥቶ ያቆረው ውሃ ሲሞቅ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላም መለስ ይላል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር እንደ ወባ ድንበር ይቆጠራል፤ ጽኑ ድንበር ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ እስከ 2,150 ሜትር ወጥቶ፣ ወባን የማያውቀውን ሕዝብ አጥቅቶ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 እንደገደለ ይገመታል። ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕክምናው እንደ ተሕዋሲው ዓይነት ይለያያል። ፋልሲፓረም ለተባለው ዓይነት የሚሰጠው ኮአርተም የተባለው ፍሬ ነው። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ፣ በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ 24 ፍሬ ይወስዳል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ይዋጣል። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ካልተወሰደ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ለጿሚ ዘይት ያለበት ወጥ ይረዳል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለተኛው ቀን ነው፦ ትኩሳቱ ሲበርድ የተረፈው ፍሬ ለሌላ በሽተኛ ተብሎ ይቀመጣል።

በአብዛኛው አፍሪካ እምብዛም የማይታየው ሌላው ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ እዚህ ከወባው ከፍ ያለ ድርሻ አለው። ለእሱ የሚሰጠው ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚያንቀላፋውን ግን አይነካም። እሱን የሚያጠፋው ለ14 ቀን የሚወሰደው ፕሪማኪን ነው። ይህን ያቋረጠ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲያገረሽበት አዲስ ወባ የያዘው ይመስለዋል። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የሚወስድ ሰው ሽንቱ ከጠቆረ ግን ወዲያው አቁሞ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በጤና ኬላ የሚደረገው ፈጣን ምርመራም ጉድለት አለው። ለረጅም ጊዜ በስፋት ያገለገለው መሣሪያ የሚፈልገው ፕሮቲን ከዳነ ሰው ደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ ታክሞ ብዙም ሳይቆይ ፖዘቲቭ መውጣት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። በተቃራኒው ይህን ፕሮቲን የማያመርቱ የፋልሲፓረም ዝርያዎች በአፍሪካ ቀንድ ስለተገኙ፣ ምልክቱ እያለ ኔጌቲቭ የወጣ ሰው በማይክሮስኮፕ ቢታይ ይሻላል።

አጎበር አዲስ ሲሆን ጥላ ሥር ለ24 ሰዓት ይናፈሳል፤ ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና፣ ሲደርቅም ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ላይ ነው። ዕድሜው ሦስት ዓመት ያህል ይባላል፤ መደብ ላይ የሚጎተት አጎበር ግን ቀድሞ ይቀደዳል። በአገሪቱ ዋና አስተላላፊ የሆነችው ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ሰው ገና ሳይተኛ ምሽት ላይ ስለምትናደፍም አጎበር ብቻውን አይበቃም። የግድግዳ ርጭት ከመስከረም በፊት መጠናቀቅ አለበት። ኬሚካሉ የሚሠራው ትንኟ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ስለሆነ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል ቤቱ እንደገና ከተለቀለቀ ርጭቱ ከንቱ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የከተማ ትንኝ ናት። በሮቶ፣ በበርሜልና በግንባታ ውሃ ማቆሪያ ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም፤ በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ማጠራቀሚያን ግጥም አድርጎ መክደን፣ የማይከደነውን በየሳምንቱ ማፍሰስ፤ ከእንቁላል እስከ ትንኝ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በላይ ያስፈልጋልና።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። ግጭት የጤና ተቋማትን ዘግቷል፣ ርጭትና የአጎበር ሥርጭትን አስተጓጉሏል። የወባ ክትባቶቹ፣ አርቲኤስ-ኤስ እና አር-21፣ የሚከላከሉት ፋልሲፓረምን ብቻ ሲሆን የሚሰጡትም ለሕፃናት ነው። በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አይደርሱትም። ዳስ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ስለሚያድር የሚረጭ ግድግዳ የለውም፤ ሲመለስም ተሕዋሲውን ወደ ቀዬው ይዞ ይወጣል።