የደስታ ሽንት ምንድን ነው?

በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ቡችላው እየተንደረደረ ይመጣል። ጅራቱን መቁላት አይበቃውም፣ ወገቡ ሁሉ ይወዛወዛል። ጎንበስ ብላችሁ ስሙን ስትጠሩት እዚያው እየዘለለ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ወለሉ ላይ፣ አንዳንዴም ጫማችሁ ላይ። ቁጢጥ አላለም፣ እግሩንም አላነሳም። እንዳመለጠው ያወቀም አይመስልም። የደስታ ሽንት የሚባለው ይህ ነው።

ሽንትን ቋጥሮ የሚይዘው ጡንቻ ቡችላ ላይ ገና አልጠነከረም። በደህናው ሰዓት ይችለዋል፤ ደስታው ሲያይልበት ግን ይለቃል። ስለዚህ የጠባይ ብልሽት አይደለም። ውጭ መሽናትን አጥርቶ የለመደ ቡችላም ያመልጠዋል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ወደ አንድ ዓመት ሲጠጋ ይተዉታል።

ትልቁ ስህተት መቆጣት ነው። ቡችላው ቁጣውን ካመለጠው ሽንት ጋር አያገናኘውም። የሚገባው ነገር ቢኖር ሰው ቤት ሲገባ እንደሚያስፈራ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ችግር ይጨመራል፦ የመለማመጥ ሽንት። ልዩነቱ ከአኳኋኑ ይታወቃል። በደስታ የሚያመልጠው ይዘላል፣ ይሽከረከራል። የሚለማመጠው ግን ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ይወሽቃል፣ አንዳንዴም በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ያሳያል። «እኔ ትንሽ ነኝ፣ አትጉዱኝ» ማለቱ ነው። እንዲህ የሚማጸንን ፍጥረት መቆጣት ያሳዝናል፣ ችግሩንም ያብሳል። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸትማ ጭራሽ አይታሰብም።

መፍትሔው ሰላምታውን ማብረድ ነው። የእኔዋ በ4 ወሯ በየቀኑ ያመልጣት ነበር። ስገባ አላያትም፣ አልጠራትም። ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ። ዙሪያዬን ትዘላለች፤ ዝም እላለሁ። አራቱም እግሮቿ መሬት ሲይዙና ረጋ ስትል ጎኔን ሰጥቻት ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ። ከላይ አልጎነበስባትም፣ አናቷን አልነካም። ራሷ መጥታ እጄን ታሸታለች፤ ያኔ ደረቷን በቀስታ እዳብሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ማለቱ ጭካኔ መስሎኝ ከብዶኝ ነበር። እሷ ግን ውላ አድራ ለመደችው፣ መዝለሉም ቀነሰ።

ከጨዋታ በፊት ውጭ አውጥቶ ማሸናት በጣም ይረዳል፤ ባዶ ፊኛ ብዙ የሚያፈሰው የለውም። ጨዋታውንም አጠር አጠር አድርጉት። እንዳይሸና ብሎ ውኃ መከልከል ግን አይገባም። ያመለጠውን ስታጸዱ ዝም ብላችሁ አጽዱ። አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ ተዉት፣ ሽታው ከሽንት ጋር ስለሚቀራረብ ቡችላውን መልሶ ወደዚያው ይጠራዋል። ኢንዛይም፣ ማለትም ሽንቱን ሰባብሮ ሽታውን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር ያለው ማጽጃ ይሻላል።

ሁሉም ግን የደስታ ሽንት አይደለም። ተኝቶ የሚያመልጠው፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት የሚሸና፣ ሲሸና የሚያምጥ፣ ሽንቱ ደም ያለበት ወይም ከልክ በላይ ውኃ የሚጠጣ ቡችላ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚንጠባጠብባት ሴት ቡችላ ደግሞ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ከውልደቷ ጀምሮ ያለቦታው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለባት።

የሚያስቸግረው እንግዳ ነው። ሰው ቡችላ ሲያይ ድምፁን ያቀጥናል፣ እጁን ዘርግቶ ይጎነበሳል። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቡችላውን አሸኑት፤ እንግዳውንም በር ላይ «እስኪረጋ ድረስ እንዳላየኸው ሁን» በሉት። የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያው ሰላምታ ውጭ ይሁን። እዚያ ቢያመልጠውም ማንም አይሳቀቅም።