ኬዝ ኮንትሮል ጥናት ምንድን ነው?

ኬዝ ኮንትሮል ጥናት ከበሽታው ተነሥቶ ወደ መንሥኤው ወደ ኋላ የሚሄድ የኢፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም የበሽታዎችን ሥርጭትና መንሥኤ የሚያጠናው ሳይንስ፣ ዘዴ ነው። ተመራማሪው በመጀመሪያ በሽታው የያዛቸውን ሰዎች ይለያል፤ ቀጥሎም በሽታው የሌለባቸውን፣ በሌላው ነገር ግን በተቻለ መጠን የሚመሳሰሏቸውን ሰዎች ለንጽጽር ይመርጣል፤ ከዚያም ሁለቱን ወገኖች ስላለፈ ሕይወታቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ እየጠየቀ፣ በመንሥኤነት የተጠረጠረው ነገር በታማሚዎቹ ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ መገኘት አለመገኘቱን ይመረምራል።

እንዲህ ከመጨረሻው መጀመር ያስፈለገበት ምክንያት አለ። እንደ ካንሰር ያለ በሽታ መንሥኤው ሰውነትን ካገኘ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚከሠትና በአንድ ዓመት ውስጥ ከብዙ ሺህ ሰዎች ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ፣ ጤነኞችን መዝግቦ ማን እንደሚታመም መጠበቅ እጅግ ብዙ ሰውና ረጅም ዘመን ይጠይቃል። የታመሙትን ይዞ የተነሣ ግን ጥቂት መቶ ሰዎችን በመጠየቅ ብቻ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

ዘዴው ያለውን ኃይል በጉልህ ያሳየው በለንደን የተካሄደው የሳንባ ካንሰር ጥናት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በዚህ በሽታ መሞታቸው በየዓመቱ የሚመዘገበው ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1922 ከነበረበት 612 ተነሥቶ በ1947 ወደ 9,287 አሻቅቦ ነበር። የመኪና ጭስ፣ ሬንጅ ከፈሰሰባቸው መንገዶች የሚነሣው አቧራ፣ የፋብሪካና የድንጋይ ከሰል ጭስ ሁሉ ይጠረጠሩ ነበር፤ ሲጋራ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ሪቻርድ ዶልና የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በ1950 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ 709 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎችን በሌላ ሕመም ከተኙ 709 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ፤ ለእያንዳንዱ ታማሚም በጾታና በዕድሜ ክልል የሚመሳሰለው አንድ ሰው ተመረጠለት።

ከታማሚዎቹ 649ኙ ወንዶች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የማያጨሱት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ለንጽጽር ከተመረጡት 649 ወንዶች ደግሞ 27 ነበሩ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የእንግሊዝ ወንድ ያጨስ ስለነበር፣ ቁጥሩን በችኮላ የተመለከተ ሰው በሁለቱም ወገን ሁሉም አጫሽ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በታማሚዎቹ ዘንድ 647 አጫሾች ለ2 የማያጨሱ ሲካፈሉ 323 ያህል ይሆናል፤ በንጽጽሩ ቡድን 622 ለ27 ሲካፈል 23 ያህል ነው፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ደግሞ 14 ይመጣል። ይህ ውጤት ኦድስ ሬሾ ይባላል፤ በሽታው በሕዝቡ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ሲሆንም አጫሹ ከማያጨሰው ሰው ስንት እጥፍ ለበሽታው እንደሚጋለጥ በግምት ያሳያል። ሆኖም ይህ 14 የሚለው ቁጥር በ2 ሰዎች ላይ የቆመ በመሆኑ ብቻውን ጠንካራ ምስክር አይደለም። ከዚያ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ የማገኘው፣ በቀን 25 እና ከዚያ በላይ ሲጋራ የሚያጨሱት ወንዶች በታማሚዎቹ ዘንድ 168፣ በንጽጽሩ ቡድን ግን 84 መሆናቸው ነው፤ ልዩነቱ ከሚጨሰው ሲጋራ ብዛት ጋር እየሰፋ ሄዷልና።

የእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ዕጣ የሚወሰነው ከታማሚዎቹ ይልቅ በንጽጽር ቡድኑ ምርጫ ነው። ለንጽጽር የሚመረጠው ሰው፣ በበሽታው ቢያዝ ኖሮ ከዚያው ጥናት ታማሚዎች አንዱ ሆኖ ሊመዘገብ የሚችል መሆን አለበት። በአንድ የገጠር ወረዳ ኮሌራ ገባ እንበል። መርማሪዎቹ የሚመጡት ወንዙን፣ የጉድጓዱን ውኃና በድግስ የቀረበውን ምግብ ጠርጥረው ነው። ታማሚዎቹን ከወንዙ ዳር ቀበሌዎች ወስደው የንጽጽር ቡድኑን ከከተማው ጤና ጣቢያ ተገልጋዮች ቢመርጡ፣ የወንዝ ውኃ መጠጣት በታማሚዎቹ ዘንድ እጅግ በዝቶ መገኘቱ አይቀርም፤ ይህ ግን የገጠርና የከተማ ኑሮ ልዩነት እንጂ የበሽታው መንሥኤ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ቢነጻጸር ይሻላል፤ ጎረቤታሞቹ ሁሉ ከአንድ ወንዝ የሚቀዱ ከሆነ ደግሞ ያው ዘዴ ወንዙን በስሕተት ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣዋል፤ ልዩነት በሌለበት ንጽጽር ምንም አያሳይምና። የለንደኑ ጥናትም ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ በሌላ ሕመም ከተኙት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ሲጋራ በሚያስከትላቸው በሽታዎች የታመሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የንጽጽር ቡድኑ ከሕዝቡ ይልቅ አጫሽ የበዛበት ሆኖ ልዩነቱን አሳንሶት ይሆናል።

ሁለተኛው ፈተና የሰው ትዝታ ነው። የታመመ ሰው ምክንያቱን ፍለጋ ያለፈ ሕይወቱን ሲያብሰለስል ይከርማል፤ ጤነኛው ግን ስለዚያ አስቦም አያውቅም። ጠያቂውም ማን ታማሚ እንደሆነ ካወቀ ሳይታወቀው ጠበቅ አድርጎ ሊጠይቅ ይችላል። ዶልና ሂል ይህን የመረመሩበት መንገድ አድናቆት ይገባዋል፦ በቃለ መጠይቁ ጊዜ የሳንባ ካንሰር አለባቸው ተብለው፣ በኋላ ግን በሽታው እንደሌለባቸው የተረጋገጠ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው የትዝታ ወይም የጠያቂዎቹ ዝንባሌ ቢሆን ኖሮ የእነዚህ ሰዎች መልስ የታማሚዎቹን መምሰል ነበረበት፤ የአጫጫስ ልማዳቸው ግን ከንጽጽሩ ቡድን ጋር ተስማምቶ ተገኘ።

በኢትዮጵያ በመስክ ኢፒዲሚዮሎጂ የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች ኩፍኝና ኮሌራን የመሰሉ ወረርሽኞችን ሲመረምሩ በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ውጤቱ ፈጥኖ ስለሚደርስ ለጥንቃቄ እርምጃ ጊዜ ይተርፋል።

ዘዴው ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ግን አለ። የታማሚውንና የጤነኛውን ብዛት አስቀድሞ የሚወስነው ተመራማሪው ራሱ ስለሆነ፣ ከ1,000 አጫሾች በዓመት ስንቱ በበሽታው እንደሚሞት ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ማስላት አይቻልም። ዶልና ሂል በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች ስለ ማጨስ ልማዳቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ልከው፣ መልስ የሰጡትን ከ40,000 በላይ ሐኪሞች መከታተል ጀመሩ፤ እንዲህ ያለው ክትትል ይህን ጥያቄ ለመመለስ ያስችላል። ይህ ከመንሥኤው ተነሥቶ ወደ ፊት የሚሄደው ኮሆርት ጥናት ነው። በ1954 በወጣው የመጀመሪያ ዘገባ 36 ሐኪሞች በሳንባ ካንሰር ሞተው ነበር፤ ከማያጨሱት መካከል ግን በዚህ በሽታ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም።