18 ሞልቶኛል፣ ታዲያ ቢራ ለምን አይሸጥልኝም?

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ የሚማር የ19 ዓመት ተማሪ ውል መፈረም ይችላል፣ ይመርጣል፣ ያገባል። ቢራ ግን ሊሸጥለት አይገባም። በቤተሰብ ሕጉ አካለ መጠን የሚደረሰው በ18 ነው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሁለቱ ሕጎች አይጋጩም፣ የሚለኩት ነገር ለየቅል ነው። የተማሪነት መታወቂያም ዕድሜን አይተካም።

ስሌቱ የሚበላሸው በዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር 10 ቀን 1999 የተወለደ ተማሪ 21 የሚሞላው ጥር 10 ቀን 2020 ነው። አስተናጋጁ 1999ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ከ2026 ቢቀንስ 27 ያገኛል፤ ልጁ ግን ገና 19 ነው። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑን፣ በአንድ አቆጣጠር፣ ማየት ይገባል። ፋይዳ መታወቂያ ላይ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚጻፍ ይቀላል።

«አንድ መለኪያ ብቻ» የሚባለውም ያሳስታል። 5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 40 በመቶ የሆነ 40 ሚሊ ሊትር አረቄም ከዚያው ይጠጋል፤ ያቺ ትንሽ መለኪያ ሙሉ ጠርሙስ ቢራ ናት ማለት ነው። የቤት ጠጅና አረቄ ደግሞ መጠኑ አይጻፍበትም፤ ከጠማቂ ጠማቂ ይለያያል። በላዩ ቡና መጠጣት እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ጓደኛ ራሱን ስቶ ከተኛ በጎኑ አስተኝቶ አለመለየት፣ ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ወዲያው ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።