የሥራ ቦታ የሙቀት ጫና ምንድን ነው? ድሬዳዋ ላይ እንዴት ይቀነሳል?

የሙቀት ጫና ማለት ሰውነት ከውጭ የሚቀበለው ሙቀትና ሲሠራ ከውስጡ የሚያመነጨው ሙቀት ተደምረው፣ አውጥቶ ከሚጥለው ሲበልጡ የሚሸከመው ሸክም ነው። «ዛሬ ስንት ዲግሪ ነው?» የሚለው ጥያቄ የጉዳዩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ደረሰኝ የሚጽፍ ሰውና ሳቢያን ሰፈር ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሠራተኛ በተመሳሳይ ሰዓት ያሉት በተመሳሳይ ዲግሪ ውስጥ ነው፤ ጫናቸው ግን አይገናኝም። አንዱ ሐሩሩን ብቻ ተቀብሏል፣ ሌላው ሐሩሩን፣ የጡንቻውን ሙቀትና የቱታውን አፈና በአንድ ላይ ተሸክሟል።

ጡንቻ ሲሠራ ካቃጠለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ይህን ሙቀት ደም ወደ ቆዳ ያመጣዋል፣ ከቆዳው ቀዝቀዝ ያለ አየር ካለም ይወስደዋል። የቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ እንደሚሆነው የድሬዳዋ አየር 35ን ሲያልፍ ይህ መንገድ ይዘጋል፤ እንዲያውም አየሩ ራሱ ሙቀት መስጠት ይጀምራል። ያን ጊዜ የቀረው ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቁም ነገሩ መትነኑ ላይ ነው፤ ተንጠባጥቦ መሬት የሚወድቅ ላብ ውሃና ጨው ያስወጣል እንጂ አያበርድም። ወበቅ ከደረቅ ሐሩር የሚከፋው ለዚህ ነው።

የድሬዳዋ የደጅ አየር በአብዛኛው ደረቅ በመሆኑ ላብ ቶሎ ይተናል። ጥቅም ነው፤ ግን ያታልላል። ልብሱ ደርቆ ስላየው ሠራተኛው ያላበው አይመስለውም፣ ውሃ ማጣቱንም የሚያውቀው ራሱን ሲያመውና ሽንቱ ሲጠቁር ነው። በአንዳንድ ሥራ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ክሩ እንዳይበጠስ ሲባል አየሩ ሆን ተብሎ እርጥበት እንዲኖረው ይደረጋል፤ ለክሩ የተመቸው አየር የሠራተኛውን ላብ እንዳይተን ያደርገዋል። ዳቦ ቤት ውስጥ ጠላቱ ከምድጃው አፍ የሚወጣው ግለት ነው። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ጣሪያው ራሱ ምድጃ ይሆናል።

ስለዚህ ተራ ቴርሞሜትር አይበቃም። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ደብሊው ቢ ጂ ቲ (WBGT፣ የእርጥብ ቴርሞሜትርና የሉል ሙቀት) ይባላል፤ ሦስት ንባቦችን ያጣምራል። አንዱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር፣ ሁለተኛው በጥቁር ሉል ውስጥ የተቀመጠ፣ ሦስተኛው ከፀሐይ የተከለለ ተራ ቴርሞሜትር ነው። ደጅ ላይ የእርጥቡ 70 በመቶ፣ የሉሉ 20 በመቶ፣ የተራው 10 በመቶ ይወሰዳል። ለምሳሌ እርጥቡ 23፣ ሉሉ 48፣ ተራው 36 ቢያነቡ፣ ድምሩ 16.1 ሲደመር 9.6 ሲደመር 3.6፣ ማለትም 29.3 ይሆናል። ፀሐይ በማይገባበት ቤት ውስጥ ተራው ይቀርና ሉሉ 30 በመቶ ይይዛል። አይኤስኦ 7243 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሙቀቱን ለለመደ ሠራተኛ የሚሰጠው ወሰን ለቀላል ሥራ 30፣ ለመካከለኛ 28፣ ለከባድ 26 ነው። ላልለመደ ሰው ወደ 29፣ 26 እና 23 ይወርዳል። በምሳሌያችን 29.3 ላይ ተቀምጦ የሚሰፋ ሰው ወሰኑ ውስጥ ነው፤ አሸዋ የሚዝቅ ሰው ግን በጣም አልፎታል።

ይህ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ሪፖርት፣ ይህ መለኪያ ከ20 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በእያንዳንዱ ዲግሪ ምርታማነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቀንሳል። 29.3 ላይ ሲሰላ ከሥራው ከአምስት አንድ እጅ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ይጠፋል ማለት ነው። ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ እጅ ሲያዳልጥ፣ የመከላከያ መነጽር ሲጨፈግግ የሚመጣው የጣት መቆረጥና የተበላሸ ዕቃ በላዩ ይጨመራል። «ዕረፍት ሥራ ይጎትታል» የሚል አሠሪ የጎተተውን ነገር በትክክል አላየውም።

መጀመር ያለበት ከሰዓቱ ነው። ድሬ በቀትር ሱቋን ዘግታ ማረፍን ጥንት ታውቅበታለች፤ ግንባታውና ሥራ ቤቱም ከዚህ ልማድ ቢማሩ ጥሩ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቢሠራ ሕጉ ያስቀመጠው 8 ሰዓት ይሞላል፣ የከፋው ሐሩርም ይታለፋል። ማምሸቱ ለሴት ሠራተኞች የመንገድ ስጋት ስለሚያመጣ ሰርቪስ ሳይዘጋጅ ፈረቃው መቀየር የለበትም። ሰዓቱን መቀየር የማይቻልበት ቦታ ላይ፣ ደብሊው ቢ ጂ ቲ 29 አካባቢ ሲሆን ለመካከለኛ ሥራ 45 ደቂቃ ሠርቶ 15 ደቂቃ ማረፍ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለከባድ ሥራ ቢያንስ ግማሽ በግማሽ። ማረፊያው ጥላና ነፋስ ይኑረው። እዚያው ማሽኑ ሥር መቀመጥ ዕረፍት አይባልም።

ይህ ሁሉ የሚፈርስበት አንድ ቦታ አለ፤ ክፍያው በሠሩት ቁጥር ሲሆን። በብሎኬት ወይም በሸሚዝ ቁጥር የሚከፈለው ሠራተኛ እያንዳንዷን የዕረፍት ደቂቃ ከልጁ ዳቦ ላይ እንደተቀነሰች ይቆጥራታል፤ ስለዚህ አያርፍም። የዕረፍቱ ሰዓት ካልተከፈለ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መርሐ ግብር ወረቀት ብቻ ነው።

ውሃም እንደዚሁ ነው። መጠኑ ቀላል ነው፤ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ፣ ወደ 250 ሚሊ ሊትር። ለ40 ሠራተኛ በሰዓት ሦስት ሩብ ሊትር ተይዞ ለ8 ሰዓት ሲባዛ 240 ሊትር ይሆናል፤ ባለ20 ሊትር ጀሪካን 12 ማለት ነው። ጀሪካኑ ጥላ ውስጥ፣ ከሠራተኛው ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ይቀመጥ፤ ግቢውን አቋርጦ መሄድ የሚጠይቅ ውሃ አይጠጣም። ለየሰው የራሱ ኩባያ ይኑረው። በሰዓት ከ1.5 ሊትር በላይ ማስጠጣት ግን የደምን ጨው ያቀጥናል፣ ራሱም አደጋ ነው። ጨው በምሳ ይተካል፤ የጨው ክኒን አያስፈልግም፣ ላቡ ለረጅም ሰዓት ከበዛ ኦ.አር.ኤስ መበጥበጥ ይበቃል። አብዛኛው ሰው የማያነሳው ደግሞ ሽንት ቤት ነው። ንጹሕና የሚቆለፍ ሽንት ቤት በሌለበት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ላለመጠጣት ይወስናሉ። ውሃው ተርፎ ከተገኘ «አይወዱም» ከማለት በፊት ሽንት ቤቱን ሄዶ ማየት ይገባል።

ጾምም ይታሰብበት። በረመዳን ቀን ውሃ የማይጠጣውን፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆየውን ሠራተኛ ከባዱን ሥራ በማለዳ ሰጥቶ ቀትሩን ማቅለል ይቻላል። ስለ ጫትም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ድካምንም ይደብቃል። ቀድሞ «ደከመኝ» ብሎ መቀመጥ የነበረበት ሰው እስኪወድቅ ድረስ ይሠራል። ከበርጫ በኋላ በፀሐይ ከባድ ሥራ ማሠራት የለየለት አደጋ ነው።

ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል። የለመደ ሰው ቶሎና ብዙ ያልበዋል፣ ላቡም ጨው የቀነሰ ይሆናል። እዚህ አካባቢ ይህ ልዩ ክብደት አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1800 ሜትር ትበልጣለች። ከሐረር፣ ከሐረማያ ወይም ከቁልቢ ተነስቶ በደንገጎ ቁልቁለት የወረደ ወጣት ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሌላ አየር ውስጥ ይገባል፤ በማግስቱ ከነባሮቹ እኩል ብሎኬት ይሸከማል። ጉልበቱ አለ፣ ሰውነቱ ግን ገና አልተዘጋጀም። ለአዲስ ገቢ በመጀመሪያው ቀን በሙቀት ውስጥ የሚሠራው ከሙሉው ሥራ 20 በመቶ ብቻ ይሁን፣ ከዚያ በየቀኑ 20 በመቶ ይጨመር። ነባር ሆኖ ከሳምንት በላይ የቀረ ሰውም፣ ለዓመት በዓል አገር ቤት ሄዶ የተመለሰም ቢሆን፣ 50፣ 60፣ 80፣ 100 እያለ ይመለስ። «ለምደነዋል» የሚለው ቃል ከእረፍት ማግስት አይሠራም።

ቤቱን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። የሉሉ ንባብ ከተራው በብዙ ከበለጠ ጥፋቱ የጣሪያ ወይም የምድጃ ግለት ነው፤ ጣሪያውን ነጭ መቀባት፣ ኮርኒስ መሥራት፣ ምድጃውን በቆርቆሮ መጋረድ ይረዳል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከጣሪያው ጫፍ፣ መግቢያው ከግድግዳው ታች ይሁን። አየሩ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተር የሞቀውን አየር መልሶ ሰው ላይ ይነፋል፤ ልብስ ወይም ፎጣ አርጥቦ ከፊቱ መቆም ግን ያቀዘቅዛል። በውሃ ትነት የሚያበርዱ ማሽኖች በግንቦት ደረቅ አየር ጥሩ ይሠራሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲመጣ ይዳከማሉ፣ በፈትል ክፍል ውስጥም ጨርሶ አይጠቅሙም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ሙቀት ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻ መለየት ያለባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። ሰውየው በጣም ካላበው፣ ከደከመው፣ ካጥወለወለውና ራሱን ካመመው፣ ግን የሚነግሩትን በትክክል እየመለሰ ከሆነ፣ ጥላ ውስጥ አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግና ቀስ እያለ ውሃ መስጠት ነው። መልሱ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ሊገድል ይችላል። ላብ አለ ወይም የለም ተብሎ አይጠበቅ። አንዱ አምቡላንስ ሲጠራ ሌላው ልብሱን አውልቆ ያንን የመጠጥ ጀሪካን መላ ሰውነቱ ላይ ያፍስስ፣ ያናፍስ፤ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ይደረግ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ አጠገቡም አንድ ሰው ይቆይ። ባጃጅ ላይ ጭኖ ለመሮጥ ብሎ ማቀዝቀዙን ማቋረጥ ውድ ጊዜ ይበላል። ቢሻለውም ሐኪም ሳያየው ወደ ሥራ አይመለስም፤ ሲመለስም የሚጀምረው እንደ አዲስ ገቢ ከ20 በመቶው ነው።