ቴብል ላይ ኮንስትሬይንት መጨመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ለሆቴል፣ ለክሊኒክ ወይም ለሱቅ ሲስተም የምትሠሩ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ፖስትግሬስ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው፤ ኮንስትሬይንት ደግሞ ቴብል ውስጥ ያለው ዳታ እንዲያከብረው የምናስቀምጠው ደንብ ነው። «የፖስትግሬስ ማኑዋል ስለ ኮንስትሬይንት ግልጽ አይደለም» የሚል ቅሬታ በየጊዜው ይሰማል። መልሱ እዚያው አለ፤ ችግሩ በተለያየ ገጽ መበተኑ ነው። አንዱን ገጽ ብቻ ያነበበ ሰው ቢሳሳት አልፈርድበትም።

«ኮንስትሬይንት የሚቆጣጠረው ከአሁን በኋላ የሚገባውን ዳታ ብቻ ነው።» አይደለም። ስትጨምሩት ቴብሉ ላይ ያለው ረድፍ ሁሉ ይፈተሻል። አንድ ረድፍ እንኳ ደንቡን ከጣሰ ትዕዛዙ በሙሉ ይወድቃል።

«ትንሽ ነገር ናት፣ ማንም ሳያውቅ ታልቃለች።» ትንሽ ቴብል ላይ አዎ። ግን ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ትልቅ የቡኪንግ ቴብል ላይ «መውጫ ቀን ከመግቢያ ቀን ይበልጣል» የሚል ቼክ ኮንስትሬይንት ብትጨምሩ ጉድ ይፈላል፤ ፍተሻው እስኪያልቅ ቴብሉ ስለሚቆለፍ አዲስ ቡኪንግ መመዝገብ ቀርቶ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ ማየት እንኳ አትችልም። መፍትሔው በሁለት ደረጃ መሥራት ነው። መጀመሪያ «ኖት ቫሊድ» ብላችሁ ጨምሩት። ይሄም ይቆልፋል፣ ግን የድሮውን ዳታ ስለማይፈትሽ ቶሎ ይለቃል። ቀጥሎ «ቫሊዴት ኮንስትሬይንት» በሉ፤ እሱ እየፈተሸም ሰው ማንበብና መጻፍ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ አብረው የሚፈጸሙ ትዕዛዞች) ውስጥ አትክተቷቸው፣ የመጀመሪያው ሎክ (ቁልፍ) እስከ መጨረሻው ይቆያል።

«ኖት ቫሊድ ካልን የድሮውን ዳታ የሚነካው የለም።» ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አምና ቀኑ ተሳስቶ የተመዘገበ ቡኪንግ አለ እንበል። ዛሬ የእንግዳውን ስልክ ቁጥር ብቻ ልታስተካክሉ ስትሉ ቼኩ ረድፉን እንዳለ ይፈትሸዋል፣ ቀኑን ባትነኩትም ይከለክላችኋል። ማኑዋሉ ማሻሻያም እንደሚፈተሽ ይናገራል፣ ግን በአንዲት ቃል ያልፈዋል። እዚህ ቦታ ላይ ምሳሌ ሊኖር ይገባ ነበር።

«ቼክ ካለ ነል (ያልተሞላ ባዶ ቦታ) አይገባም።» ይገባል። ቼክ የሚከለክለው ውጤቱ ውሸት ሲሆን ብቻ ነው፣ ነል ደግሞ እውነትም ውሸትም አይደለም። መውጫ ቀን የግድ ከሆነ «ኖት ነል» ለብቻው ጻፉ። የዚህ ማብራሪያ ያለው ስለ ቴብል አፈጣጠር በሚያወራው ገጽና በኮንስትሬይንት ምዕራፍ ነው፤ እናንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት የከፈታችሁት ቴብል ስለ መቀየር የሚያወራውን የ«አልተር ቴብል» ገጽ ነው።

«ፎሪን ኪይ (ወደ ሌላ ቴብል ረድፍ የሚጠቁም ኮንስትሬይንት) ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ይዞ ይመጣል።» ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ፣ በኢኖዲቢ (ዳታውን በሚያስቀምጠው ክፍሉ)፣ እውነት ነው። ፖስትግሬስ ግን ፎሪን ኪይ ባለበት ኮለም ላይ ኢንዴክስ አይሠራላችሁም፣ ራሳችሁ ፍጠሩት።

ማይኤስኪውኤልን ካነሳን አይቀር፣ ከ8.0.16 በፊት ያሉት ስሪቶች ቼክን ያለ ምንም ስህተት ይቀበሉና ዝም ብለው ይተዉታል። አሮጌ ሰርቨር ላይ የምትሠሩ የስሪት ቁጥሩን ዛሬውኑ እዩ።